የመንግሥት ቤት አለቃ ወይስ የግል ቤት አለቃ? ሀዋሳ ላይ ሥራ ለምትመርጡ

ሀዋሳ ላይ ሥራ የሚፈልግ ሰው ሁለት ጥያቄ ከአፉ አይጠፋም። "ደመወዙ ስንት ነው?" እና "የመንግሥት ነው የግል?" ሦስተኛውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። "አለቃዬ የሚሆነው ማን ነው?"

እኔ ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ እኩል መቆም አለበት ብዬ አምናለሁ። የዓመት ፈቃዳችሁን የሚፈርመው አለቃችሁ ነው። ምዘና የሚሞላው እሱ ነው። ልጅ ታሞባችሁ ቀደም ብላችሁ መውጣት ስትፈልጉ ፊቱን የምታዩት የእሱን ነው። ሥራ ለቅቀው ከመጡ ሰዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ አውሩ። ወሬው ከደመወዝ ይጀምርና ብዙም ሳይቆይ ወደ አንድ ሰው ይዞራል። ያ ሰው ምን እንዳላቸው፣ የት እንዳላቸው፣ በማን ፊት እንዳላቸው ሁሉ ያስታውሳሉ።

ስለዚህ ደመወዝንና ጡረታን ለሌላ ቀን ልተዋቸው። እዚህ የማነጻጽረው የአለቆችን ጠባይ ነው። በመንግሥት ቤት ምን ይመስላል፣ በግል ቤት ምን ይመስላል፣ ለየትኛው ዓይነት ሰው የትኛው ይሻላል፣ ከመፈረማችሁ በፊትስ እንዴት ማወቅ ይቻላል።

ሁለት ጥያቄ ያለው መለኪያ

ስለ አለቃ ሲወራ "ጥሩ ሰው ነው" ወይም "ኃይለኛ ናት" ይባላል። ሁለቱም ብዙ አይነግሩንም። ኃይለኛ የተባለችው ሥራ ላይ ጥብቅ፣ ለሠራተኛዋ ግን የምትቆም ልትሆን ትችላለች። ጥሩ ሰው የተባለውም ሥራው ሲበላሽ ዝም ብሎ የሚያይ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአለቆችን ጠባይ ሲያጠኑ ነገሩን ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው ለሰው ማሰብ ነው። ማክበር፣ ማዳመጥ፣ ማመን እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው ሥራን መልክ ማስያዝ ነው። ማን ምን ይሥራ፣ መቼ ይድረስ፣ በምን ይለካ የሚለው። አንድ አለቃ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ሁለቱንም ሊያጣም ይችላል።

በ1962 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኤድዊን ፍሌሽማንና ኤድዊን ሃሪስ አንድ ጥናት አወጡ። የጭነት መኪና በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ያሉ ፎርማኖችን አዩ። ከእያንዳንዱ ፎርማን ሥር ምን ያህል አቤቱታ እንደሚነሳና ምን ያህል ሰው እንደሚለቅ አነጻጸሩ። ለሰው የማያስበው ፎርማን ቢያጠብቅም ቢያላላም አቤቱታ አይጠፋበትም ነበር። ለሰው የሚያስበው ግን ሥራውን ቢያጠብቅም አቤቱታው ያን ያህል አልጨመረም።

ፋብሪካውም ዘመኑም ከእኛ ሩቅ ናቸው። ሀዋሳ ላይ የማየው ግን ከዚህ አይርቅም። ሰው ጥብቅ አለቃን ይችላል። የማይችለው የሚንቀውን አለቃ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በሁለት ጥያቄ ላይ ይቆማል፦ ይህ ሰው ሠራተኛውን ያከብራል? ሥራውንስ ይዞታል? አንዱን ብቻ የማግኘት ዕድል ካላችሁ የመጀመሪያውን ያዙ። ሥራውን ጠንቅቆ ያልያዘ ግን የሚያከብር አለቃ ጋር ሥራውን ራሳችሁ ልትይዙት ትችላላችሁ። የሚንቃችሁን ሰው ማክበር ልታስተምሩት ግን አትችሉም።

ቁጣው የሚወጣበት በር

የመንግሥት አለቃ በተፈጥሮው ለስላሳ፣ የግሉ በተፈጥሮው ኃይለኛ ነው የሚል አስተያየት በየካፌው ይሰማል። እኔ አልቀበለውም። ያው የዚህ አገር ሰዎች ናቸው፤ አንድ ሠፈር ያደጉ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ። ልዩነቱ በእጃቸው ያለው ሥልጣን ላይ ነው።

የመንግሥት አለቃ በአንድ ቃል ሊያባርራችሁ አይችልም። ክስ አለ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አለ፣ ይግባኝ አለ። ደመወዝ መጨመርም በእጁ የለም፤ ደረጃና እርከን ነው የሚወስነው። ታዲያ በእጁ ምን አለ? ብዙ ነገር አለ። ሥልጠና ማን ይሂድ። መስክ ማን ይውጣ፣ አበሉስ ለማን ይድረስ። ምዘናው ላይ ስንት ይሞላ። ለትምህርት ማን ይደገፍ።

ስለዚህ ከመንግሥት አለቃ ጋር ስትጋጩ ጩኸት ላትሰሙ ትችላላችሁ። የሚመጣው ፊት መንሳት ነው። ሰላምታው ይቀዘቅዛል። ስማችሁ ከሥልጠና ዝርዝር ይወጣል። ስብሰባ ተጠርቶ እናንተ ሳትሰሙ ያልቃል። የያዛችሁት ሥራ ቀስ በቀስ ለሌላ ይሰጥና ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ ይቀርላችኋል። ደመወዙ በወሩ ይገባል። ሰውየው ግን ከውስጥ ይደርቃል። እንዲህ ጥግ ይዘው ዓመታት የቆጠሩ ባለሙያዎች አውቃለሁ። ሲገቡ ጎበዞች ነበሩ። ለእኔ ይህ ከስድብ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ለማንም "ይህን አደረገኝ" ብለህ የምታሳየው ነገር የለም።

የግል ቤት አለቃ በሌላ በር ይመጣል። ይናገራል፣ ይቆጣል፣ ሲብስበትም "ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ" ይላል። ነገሩ ግን ቶሎ ይለይለታል። መጣላቱ እንደሚፈጥን መስማማቱም ይፈጥናል። ሥራችሁን የወደደ አለቃ ጭማሪውንም እድገቱንም በዚያው ዓመት ሊሰጣችሁ ይችላል። ማስታወቂያ ወጥቶ፣ ውድድር ተደርጎ፣ በጀት ተፈቅዶ ብሎ አይጠብቅም።

እንግዲህ ራሳችሁን ጠይቁ። የትኛውን ትችላላችሁ? ፊት ለፊት የሚመጣ ቁጣን ወይስ የሚረዝም ዝምታን? አንዳንዱ ሰው ሲጮሁበት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዝምታን ግን ዓመት ሙሉ ይሸከማል። ሌላው "የሆዱን ይንገረኝና ይለይልኝ" ባይ ነው። ይህን ስለራሱ ያወቀ ሰው የምርጫውን ግማሽ ጨርሷል።

የመንግሥት ቤት አለቆች

ከላይ ያለው ብዙ ጊዜ ተሿሚ ነው። ከሌላ መሥሪያ ቤት ወይም ከሌላ ከተማ ይመጣል፤ ሲሾም "ሹመት ያዳብር" እንባባላለን፤ ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ቀኑ በስብሰባ ያልቃል። መድረክ ላይ ደግ ነው፣ ኮሪደር ላይ ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው። ግን ማን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ጊዜ አያገኝም። ሀዋሳ ውስጥ ይህ መፈራረቅ ጎልቶ ታይቷል። ሲዳማ በሰኔ 2012 ክልል ሆነ። የቀድሞው ደቡብ ክልልም በ2015 መጨረሻ ለሁለት ተከፍሎ ቢሮዎቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ሆሳዕናና ሌሎች ከተሞች ሄዱ። በእነዚያ ዓመታት እዚህ የነበረ የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ አለቃ ቀያይሯል።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አለ። መንግሥት ቤት የምትገቡ ከሆነ ምርጫችሁን በኃላፊው ደግነት ላይ አትመሥርቱ። እሱ ነገ ላይኖር ይችላል። የምታዩት ከእሱ በታች ያለውን ሰው ነው፦ ቡድን መሪውን ወይም ዳይሬክተሩን። የዕለት ኑሯችሁን የሚወስነው ይህ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ይቆያል።

ረጅም ዓመት ያገለገለ ቡድን መሪ ጥሩ ሲሆን በጣም ጥሩ ነው። ፋይሉን ያውቃል፣ መመሪያውን በአንቀጽ ይጠራል፣ ያረቀቃችሁትን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ይመልሳል። አዲስ ምሩቅ መጀመሪያ ቀይ ቀለም ሲያይ ይከፋዋል። ግን ይህ ሰው እያስተማረ ነው። ጊዜውን ሰጥቶ የእናንተን ጽሑፍ ያነበበ አለቃ አክብሯችኋል። እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ ደመወዙ ቢያንስም ቆዩ።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሰላማዊው አለቃ ነው። "ችግር የለም" ይላል። ያረፈደውን አይናገርም፣ የቀረውን አይጠይቅም። ምዘና ሲደርስ ለሁሉም የተቀራረበ ነጥብ ይሞላል፤ ማንም እንዳይቀየመው። ሠራተኛው ይወደዋል፣ ለልጁ ሠርግም ይሰበሰብለታል። ችግሩ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። የሠራውም ያልሠራውም እኩል ስለተመዘነ ጎበዙ መሥራት ያቆማል። ወጣት ባለሙያ ሥራ በሚለምድበት ዕድሜ ምንም ሳይለምድ ያልፋል። ከዚያ ቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲወዳደር "ምን ሠርተሃል?" ሲባል የሚለው ያጣል። ለስላሳነቱ እውነተኛ ነው፣ ክፋትም የለበትም። ግን ወጣትን ይጎዳል። ከመንግሥት ቤት አለቆች ሁሉ አዲስ ምሩቅ ሊሸሸው የሚገባው እሱን ነው እላለሁ፤ ብዙዎች አይስማሙኝም።

ቋንቋም ከአለቃ ጋር ያለ ግንኙነት አካል ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ክልል ቢሮ ሲገባ ደብዳቤው ያልፈዋል፣ የሻይ ሰዓቱ ጨዋታም ያልፈዋል፤ ከዚያ አለቃው ያገለለው ይመስለዋል። አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ ግን ማንም አላገለለውም። መማር ሲጀምር የሰዉ ፊት እንዴት እንደሚለወጥ ያያል። ሀዋሳ ላይ የመንግሥት ሥራ የሚያስብ ሰው ይህን ቀድሞ ያስብበት።

የግል ቤት አንድ ቤት አይደለም

"የግል" ብሎ በአንድ ስም መጥራት ያሳስታል። ሀዋሳ ላይ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቤቶች አሉ፤ አለቆቻቸውም አይመሳሰሉም።

መጀመሪያ የቤተሰብ ቤት። ሐይቅ ዳር ያለው ሆቴል፣ ፒያሳ ያለው ፋርማሲ፣ የግል ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ። እዚህ አለቃ ባለቤቱ ነው፤ ወይም ሚስቱ፣ ወይም ካሸር ላይ የተቀመጠው ወንድም። ማናጀር ተቀጥሮ ቢገኝም የመጨረሻው ቃል የቤተሰቡ ነው። ሠራተኛው አንዱ ያዘዘውን ሲሠራ ሌላው ይቆጣዋል። ስለዚህ እዚህ የምትጠይቁት "ማን ያዘኛል?" ብላችሁ ነው። መልሱ አንድ ስም ካልሆነ ተጠንቀቁ።

የቤተሰብ ቤት ሙቀት እውነተኛ ነው። ባለቤቷ ሐዘን ትደርሳለች፣ ስትቸገሩ ታበድራለች፣ "ልጄ" ትላለች። መንግሥት ቤት ይህን አታገኙም። ግን ያው "ልጄ" የሚለው ቃል የበዓል ክፍያ የሚቀርበት ምክንያት ይሆናል። ለፊቼ ጨምበላላ፣ ለጥምቀት፣ ለአዲስ ዓመት ሀዋሳ በእንግዳ ስትሞላ የሆቴል ሠራተኛ እረፍት የለውም። ሕጉ በሕዝብ በዓል ቀን የሚሠራ የትርፍ ሰዓት በ2.5 ተባዝቶ ይከፈል ይላል። ጥሩዋ ባለቤት ሁለቱንም ታደርጋለች፤ "ልጄ" ትላለች፣ የበዓሉንም ትከፍላለች። መለያው ቀላል ነው። ውል በጽሑፍ ስትጠይቁ ፊቷ ካልተለወጠ መልካም ነው። "እኔን አታምነኝም እንዴ?" ካለች ወደፊት ስለ ክፍያ መናገር እንደ ክህደት ይቆጠርባችኋል።

ሁለተኛው ባንክና ኢንሹራንስ ነው። እዚህ ሥርዓቱ አለ፣ ኤችአሩ (የሰው ኃይል ክፍሉ) አለ፣ ደብዳቤው አለ። ግፊቱ የሚመጣው ከታርጌት ነው። የቅርንጫፍ ማናጀሩ ተቀማጭ ገንዘብ አምጣ ይባላል፤ እሱም ሠራተኛውን አምጡ ይላል። ስለዚህ የባንክ ማናጀርን የምትለኩት ከላይ የመጣበትን ግፊት እንዴት ወደ ታች እንደሚያወርደው አይታችሁ ነው። አንዱ የተባለውን ሁሉ እንዳለ ይደፋባችኋል፤ የጠዋቱ ስብሰባ የወቀሳ ስብሰባ ይሆናል። ሌላው ቁጥሩን ያካፍልና ራሱ አብሯችሁ ወደ ነጋዴው ሱቅ ይሄዳል። ሁለቱም ታርጌት አለባቸው። አብሮ የሚወጣው ሥር ግን ሰው ሥራ ይለምዳል፣ ደንበኛም ያገኛል።

ሦስተኛው የኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ተመረቀ። ሥራው በአብዛኛው ልብስ ስፌት ነው። ብዙዎቹ ሠራተኞች ከሲዳማና ከአካባቢው የገጠር ቀበሌዎች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ደመወዛቸው ነው። አለቃቸው የመስመሩ ሱፐርቫይዘር ነው። ከመስመሩ ራስጌ ሰሌዳ አለ። በሰዓት ስንት ቁራጭ መውጣት እንዳለበትና ስንት እንደወጣ ይጻፍበታል። ከሰሌዳው ጀርባ ውጭ አገር ያለው ገዢና የመላኪያው ቀን አሉ።

የሱፐርቫይዘሩን ጠባይ ይህ ሰንሰለት ይቀርጸዋል። ትእዛዝ ሲበዛ ይቸኩላል፣ ሲጠፋ ደግሞ ሥራው ራሱ ያሰጋዋል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል ስትሰረዝ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚላከው ቆመ፤ ፓርኩ ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎችም ተናጉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጎዳው ታች ያለው ነው። ሱፐርቫይዘሩ የውጭ ዜጋ ሲሆን ደግሞ ቋንቋ ይጨመራል። በአስተርጓሚ የሚመጣ ትእዛዝ አጭርና ደረቅ ይሆናል። አንዳንዴ የሚጮኸው ከማሽኑ ድምፅ በላይ ለመሰማት ነው። ስድብና ጩኸት ግን አንድ አይደሉም፤ ሠራተኛዋም ልዩነቱን ታውቀዋለች።

ጥሩ ሱፐርቫይዘር ምን ያደርጋል? ከራሱ መስመር ተነስቶ ያደገ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይታወቃል። ስፌቱ ሲበላሽ ማሽኑ ላይ ቁጭ ብሎ ያሳያል። መጸዳጃ ቤት ለመሄድ የጠየቀችውን በሰው ፊት አያሳፍራትም። ስሟን ያውቃል። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ። ግን አንዲት ልጅ በሦስተኛው ወር ትለቅቅ ወይስ ትቆይ የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አለቃ ሴት ሠራተኛን በቃልም ሆነ በእጅ የሚተነኩስበት ቤት፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ለንጽጽር አይቀርብም። በግል ቤት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ይህ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች፤ ካሳም ይገባታል። ጊዜው ግን አጭር ነው፦ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በኋላ 15 የሥራ ቀን። ይህን ለእህቶቻችሁ ንገሯቸው።

ነገር ሲበላሽ ወዴት ይኬዳል?

"ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ" እየተባለ ያደግን ሰዎች አለቃን መክሰስ ይከብደናል። መንገዱን ማወቅ ግን ምርጫውን ይለውጠዋል።

በመንግሥት ቤት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፣ ከዚያ በላይ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት አለ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ወረቀትም ይፈልጋል። ጥቅሙ፣ ከሥራ ሳትሰናበቱ የምትከራከሩ ከሆነ፣ ደመወዛችሁ ብዙ ጊዜ አለመቆሙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከተከራከራችሁት ሰው ጋር አንድ ኮሪደር ላይ መክረማችሁ ነው። ፊት መንሳትን ደግሞ ኮሚቴ አያስቆመውም። ለዚህ የተሻለው መፍትሔ ብዙ ጊዜ ዝውውር ነው። መንግሥት ቤት ትልቅ ስለሆነ ከአንድ አለቃ ሸሽቶ ሌላ ክፍል መሄድ ይቻላል፤ ትንሽ የግል ቤት ይህን አይሰጥም።

በግል ቤት የሚሠራው አዋጅ 1156/2011 ነው። ያለ አግባብ የተባረረ ሰው ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ 3 ወር አለው። ብዙ ሰው ሽማግሌ ሲልክና ሲለምን ይህ ጊዜ ያልፈዋል። ሽማግሌ መላክ ጥሩ ነው፤ በሲዳማ የአፊኒ ሥርዓት ሁለቱም ወገን ሳይሰማ አይፈረድም፣ ብዙ የሆቴልና የሱቅ ጠብም በሽማግሌ ያልቃል። ግን ቀኑን እየቆጠራችሁ ይሁን። ሠራተኛ ማኅበር ያለበት ቤት ከሆነ የማኅበሩን ተጠሪ ከአለቃው ጋር ሳትጋጩ በፊት ተዋወቁት።

ለማን የትኛው?

አዲስ ምሩቅ ከሆናችሁ የሚያርማችሁን ሰው ፈልጉ፤ ባለ ቀይ እስክሪብቶውን ቡድን መሪ ወይም አብሯችሁ የሚወጣውን የባንክ ማናጀር። ቤቱ የማን እንደሆነ በዚህ ዕድሜ ሁለተኛ ነገር ነው። ሁለቱ ከሌሉና ምርጫው በሰላማዊው የመንግሥት አለቃና በቁጡው ግን ሥራ በሚያውቀው የግል አለቃ መካከል ከሆነ፣ ስድብ እስከሌለበት ድረስ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ሌላ ሒሳብ አላት። የሚያስፈልጋት አለቃዋ ነገም እንደ ዛሬው መሆኑ ነው። ዛሬ "ሂጂ፣ ልጅሽን እዪ" ብሎ ነገ የሚቆጣ አለቃ ያደክማታል። እዚህ መንግሥት ቤት ይሻላል፤ ፈቃዱ በመመሪያ ስለተጻፈ የአለቃው ስሜት ቢለዋወጥም መብቷ አይለዋወጥም። የግል ቤት ከሆነ ባንኩ ከቤተሰብ ቤት ይቀድማል።

ማስተርስ የሚማር ሰው የመንግሥትን አለቃ ቢያስብ ጥሩ ነው፤ ግን ከመግባቱ በፊት ያ ክፍል ለስንት ሰው የትምህርት ድጋፍ እንደሰጠ ይጠይቅ። የሆነውን ይጠይቅ፤ ተስፋ አይበቃም። የራሱን ንግድ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ደግሞ የቤተሰብ ቤት ይግባ። ከባለቤት አጠገብ ሆኖ ገንዘብ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ ያያል። ቁጣውን ከቻለ፣ የትም የማያገኘውን ይማራል።

የውስጡን መናገር የሚወድ ሰው፣ ስብሰባ ላይ እጁ የሚቀድመው፣ ትልቅ የግል ድርጅት ወይም ግብረ ሰናይ ድርጅት ይሞክር። መንግሥት ቤት "ዝም አይነቅዝም" የሚለው ተረት ገና ሥራ ላይ ነው። መለወጥ አለበት፣ እየተለወጠ ያለበትም ቢሮ አለ። ግን የመጀመሪያ ዓመቱን ይህን በመለወጥ እንዲያሳልፍ ማንንም አልመክርም።

ከመፈረም በፊት እንዴት ይታወቃል?

ሀዋሳ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ሰው ለሰው ይተዋወቃል። ከዚያ ቤት የለቀቀ ሰው ማግኘት ከባድ አይደለም። አሁን ያለውን ሠራተኛ አትጠይቁ፤ ይፈራል ወይም ያጋንናል። የለቀቀውን ጠይቁ። "አለቃው እንዴት ነው?" ካላችሁ "ደህና ነው" ይላችኋል። እንዲህ በሉ፦ "ስትሳሳት ምን ይልህ ነበር? በሰው ፊት ነው ለብቻህ?" "ለመጨረሻ ጊዜ ፈቃድ ስትጠይቅ ምን አለህ?" "ከአንተ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የነበረው ለምን ለቀቀ?" አንድ ወንበር ላይ በአጭር ጊዜ ብዙ ሰው ከተፈራረቀ ጥፋቱ የወንበሩ አይደለም።

ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ቀደም ብላችሁ ድረሱና ተቀምጣችሁ እዩ። አለቃው ጥበቃውን እንዴት እንዳናገረው፣ ሻይ ያመጣችውን ልጅ ቀና ብሎ አይቷት እንደሆነ እዩ። እናንተን ሊቀጥር ስለፈለገ ለእናንተ ጨዋ ይሆናል። ምንም ለማይፈልግባት ልጅ የሚያሳየው ፊት የእሱ ነው። መንግሥት ቤት ከሆነ ደግሞ እንደ ባለጉዳይ ገብታችሁ ተቀመጡ። ባለጉዳይን የሚያመናጭቅ ኃላፊ ሠራተኛውን አይምረውም።

ቃለ መጠይቁ ላይ እናንተም ጠይቁ። "በመጀመሪያዎቹ ወራት ከእኔ ምን ትጠብቃላችሁ?" የሚለው ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም። ግልጽ መልስ ያለው ሰው ሥራውን ይዞታል። "ስትገባ ታየዋለህ" የሚል ገና አልያዘውም። መጠየቃችሁ ካናደደው ደግሞ "ሠራተኛውን ያከብራል?" ለሚለው ጥያቄም መልስ አግኝታችኋል።

ከገባችሁ በኋላ የሙከራ ጊዜውን እናንተም ተጠቀሙበት። በግል ቤት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው እንደሚያሰናብታችሁ እናንተም ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችላላችሁ። ካለፈ በኋላ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባችሁ። ስለዚህ ከአለቃው ጋር የመጀመሪያው አለመግባባት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ቀደም ብላችሁ አንድ ከባድ ነገር ጠይቁት። የሥራ ሐሳብ አቅርቡ፣ ወይም ያልገባችሁን ትእዛዝ "እንደገና ያስረዱኝ" በሉ። ያን ቀን የሚያሳያችሁ ፊት በኋላ የምትኖሩበት ፊት ነው።

ለመውጣት ከወሰናችሁም ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ። በግል ቤት የሥራ ልምድ ማስረጃ ስትጠይቁ አሠሪው ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ምን እንደሠራችሁ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሠራችሁና ደመወዛችሁን ይጽፋል። ከመንግሥት ቤት ወደ ሌላ መንግሥት ቤት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ መልቀቂያና ክሊራንስ ሳትይዙ አትነሱ፤ አገልግሎታችሁ የሚቆጠረው በእሱ ነው። ከአለቃችሁ ጋር ተኳርፋችሁም ቢሆን ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት በኩል በጽሑፍ ጠይቁ፤ የገባበትንም ቁጥርና ቀን ያዙ።